ፒክአፕ ጆሮ የለውም

ልጆች፣ ይህን ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም። ቤዝ ጊታር ላይ ከክሮቹ ሥር የተቀመጠው ያ ጥቁር ፒክአፕ ድምፅ አይሰማም! ሁላችንም ትንሽ ማይክ ነገር አድርገን ነበር የምናስበው። እስቲ አምፕሊፋየሩን አብሩና አፋችሁን አስጠግታችሁ ዝፈኑበት። ፒክአፑ ደህና ከሆነ ዝም ነው። አሁን ደግሞ የካቻቢቴ ጫፍ በቀስታ አስነኩት። ድም! ለዘፈናችሁ ደንታ ያልነበረው ዕቃ ለብረት ወዲያው መለሰ።

ውስጡ ያሉት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ማግኔትና ሽቦ። ሽቦው ከፀጉር የማይወፍር መዳብ ነው፤ በማግኔቱ ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ፣ አንዳንዱ ላይ ወደ አሥር ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። ማግኔቱ ከላዩ ያለውን የብረት ክር ራሱን ትንሽ ማግኔት ያደርገዋል። ክሩን ስትመቱት እንግዲህ ይህ ትንሽ ማግኔት ከሽቦው በላይ ይርገበገባል። ማግኔት በተጠመጠመ ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ይህንኑ ነው። የቆቃ ግድብ መብራት የሚያመነጨውም በዚሁ ሕግ ነው፣ አስቡት! ወፍራሙ የኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ኤሌክትሪኩም 41 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስፒከሩም 41 ጊዜ ይገፋል ይስባል። የምንሰማው እሱን ነው።

ይህ ሲገባኝ እዚህ ጅግጅጋ ስንከራከርበት የኖርነው የካባን ነገር አብሮ ተፈታልኝ። ካባን፣ ዐረቦች ዑድ የሚሉት፣ የነሙዚቀኛው አብዱላሂ ቀርሼ መሣሪያ፣ የቤዝ ፒክአፕ ቢገጠምለት ለምን አይናገርም? ቀጫጭኖቹ ክሮች ናይለን ናቸው፤ ወፍራሞቹ ላይ የተጠመጠመው ደግሞ መዳብ ነው፣ ማግኔት መዳብን አይስብም። ትንሽ ማግኔት ወደ ክሮቹ አስጠጉ፤ ምንም አይነቃነቁም። ፒክአፑ ለሱ ባዶ አየር ላይ ነው ያፈጠጠው! ለካባን የሚሆነው ፒዬዞ የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው፤ የእንጨቱን ንዝረት ራሱን ስለሚይዝ ክሩ ከምን ተሠራ ብሎ አይጠይቅም። ክራርም እንደዚያው፣ ክሩ ብረት ካልሆነ በቀር።

ወደ ቤዛችን። ፒክአፕ የብረት እንቅስቃሴን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ የትኛው ቦታ ላይ ያለውን እንቅስቃሴ ነው የሚያየው? ልክ ከላዩ ያለውን! ክሩ ብሪጁ አጠገብ ብዙ አይወዛወዝም፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ፒክአፕ ጠንከርና ሹል ያለ ድምፅ ይሰጣል። ወደ አንገቱ ሲጠጋ ውዝዋዜው ሰፊ ነው፤ ድምፁም ይወፍራል፣ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» አልበም ላይ የመላከ ገብሬን ቤዝ፣ ከዚያ የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን፣ ከዚያ የሞቃዲሾውን የዱር ዱር ባንድ ቤዝ በጆሮ ማዳመጫ ስሟቸው። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ታችኛውን ድምፅ ብቻ ተከተሉ። የምትፈልጉት የትኛውን እንደሆነ ሳትወስኑ ገንዘብ አታውጡ፤ ለወፍራሙ ድምፅ የሚስማማው ፒክአፕ ለሹሉ አይስማማም።

ደግሞም ከመግዛት በፊት ካቻቢቴ ይቅደም። ፒክአፑን የያዙት ብሎኖች ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑና ከፒክአፑ እስከ ክሩ ያለውን ክፍተት ለኩ፤ በወፍራሙ በኩል 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ በቀጭኑ በኩል ትንሽ ጠበብ ያለ ጥሩ መነሻ ነው። ብታስጠጉት ይጮኻል። በጣም ብታስጠጉት ግን ማግኔቱ ክሩን እየጎተተ ቅኝቱን ያበላሻል፤ ከላይ ያሉት ፍሬቶች ላይ ድምፁ ይወላገዳል። «ይህ ቤዝ ሞቷል» የተባለ ሁሉ እኮ አልሞተም! ግማሽ ዙር ብሎን የሚለውጠውን እስክትሰሙት አታምኑም።

አሁን ደግሞ ወደ ጉምጉምታው፤ ሰርግ ላይ ዘፈኑ ሲቆም ከስፒከሩ የሚመጣው ያ እምምም። የግድግዳችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በየሽቦውና በየአዳፕተሩ ዙሪያም የራሱን ማግኔታዊ መስክ ይረጫል። የፒክአፑ ሽቦ ይህንንም ይቀበላል። ቤዝ ላይ ደግሞ የኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ጂ ማለት ነው፣ በሰከንድ 49 ጊዜ ነው የሚርገበገበው። ጉምጉምታው እኮ ትንሽ ከፍ ያለ ጂ ነው! ጉናጋዶ ወይም ሌላ ቦታ በጄነሬተር ስትጫወቱ ደግሞ ልብ በሉ፤ ሞተሩ ሲደክም እምምሙም አብሮ ይወርዳል።

እንዴት ይጠፋል? እዚህ ላይ ነው ከወንበሬ የተነሣሁት። ጉምጉምታው ከውጭ ስለሚመጣ የፒክአፑን ማግኔት አይፈልግም፤ ሽቦው ብቻ ይበቃዋል። የክሩ ዜማ ግን ማግኔቱንም ሽቦውንም ይፈልጋል። እንግዲህ ሁለተኛ ፒክአፕ ጨምሩ፤ ሽቦውን በተቃራኒው ጠምጥሙት፣ ማግኔቱንም ገልብጡት። ጉምጉምታው አንዴ ተገለበጠ፤ ዜማው ግን ሁለቴ። የትራስ ልብስ አንዴ ሲገለበጥ ስፌቱ ውጭ ይወጣል፣ ደግሞ ሲገለበጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል አይደል? ዜማውም ወደ ነበረበት ተመለሰ! ሁለቱን ፒክአፖች ስትደምሯቸው ዜማ ከዜማ ጋር ይደመራል፤ ጉምጉምታና የተገለበጠው ጉምጉምታ ይጠፋፋሉ። ያለ ምንም ባትሪ፣ ያለ ምንም ማጣሪያ!

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ መጀመሪያ ላይ አንድ ወጥ ፒክአፕ ነበረው። በ1957 ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ግማሽ ለሁለቱ ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ለሁለቱ ቀጭኖች። ሁለቱ ግማሾች እንደዚያ የተገለበጡ ጥንድ ናቸው፤ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ላይ ግን ጥንዱ ሁለት የተለያዩ ፒክአፖች ናቸው፤ ሁለቱን ቮልዩሞች እኩል ስትከፍቱ ዝም ይላል፣ አንዱን ስትቀንሱ እምምሙ ይመለሳል። እኔ ጃኩ ተበላሽቷል እያላችሁ እንዳትፈቱት ብዬ ነው።

ለጃዝ ቤዝ ስትገዙ ታዲያ በጥንድ ግዙ። ሱቁ ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ የምትፈትኑበት መንገድ አለ፤ ሁለቱን ፒክአፖች ፊት ለፊት ቀስ ብላችሁ አቀራርቧቸው። ከተሳሳቡ ማግኔታቸው ተገልብጧል፣ ጥንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ከተገፋፉ ጥንድ አይደሉም፤ ዜማው ቢደመር ጉምጉምታው አይጠፋም። ርዝመቱንም ለኩ፣ የአንገቱ በኩል ያለው ብዙ ጊዜ ከብሪጁ በ3 ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል። ቴስተር ካለ ሁለቱን ሽቦዎች ንኩበት፤ የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ አብዛኛውን ጊዜ 7 ወይም 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ያ ቀጭን ሽቦ የሆነ ቦታ ተበጥሷል። ሻጩ ትልቁን ቁጥር እያሳየ «ይህ ኃይለኛ ነው» ቢላችሁ ግን አትቸኩሉ። ሽቦው ሲበዛ ድምፁ ይጎላል፣ ቀጭኑና ብሩሁ ድምፅ ደግሞ ይደበዝዛል። እኔ ብሆን መካከለኛውን እመርጣለሁ፤ ማጉላቱን አምፕሊፋየሩ ይችለዋል፣ የጠፋውን ብሩህነት ግን አይመልሰውም።

የፒክአፑን ጉድጓድ ውስጡን በመዳብ ፎይል ለብጣችሁ ፎይሉን ከግራውንድ ሽቦ ጋር ማገናኘትም ይጠቅማል። ከፍሎረሰንት መብራት የሚመጣውን ዝዝዝ ይቀንሳል፤ እምምሙን ግን አያስቀረውም፣ ማግኔታዊ ነዋ።

የገዛችሁትን ጥንድ በይዳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ክፈቱ። ድምፁ ቀጥኖ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ጉምጉምታውም ብሶ ካገኛችሁት አትደንግጡ፤ ፒክአፑ አልተበላሸም። የአንዱ ሽቦዎች ተቀያይረው ስለተበየዱ ዜማው እየተጠፋፋ ጉምጉምታው እየተደመረ ነው። የዚያን የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ብቻ ቦታ አቀያይሩ፤ ቤዙ ይወፍራል፣ እምምሙም በዚያችው ቅጽበት ይጠፋል።