«አደራ» ወይስ «ስጦታ»? በባዕድ አገር ያደገ የጉዲፈቻ ልጅ አንጻር

1. መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስለ አንጻር ስናነሣ ሁለት ጥያቄዎችን ለይተን እንጠይቃለን፤ ታሪኩን የሚያየው ማን ነው? የሚናገረውስ ማን ነው? ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ስለ ልጅነት በሚተረክ ታሪክ ውስጥ የሚያየው ሕፃኑ ሲሆን የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ያደገው ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት በአንድ ዓይነት ተራኪ ላይ፣ ማለትም በልጅነቱ በጉዲፈቻ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ባደገ ሰው ላይ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ነው።

ርእሱን የመረጥሁት ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከ1996 እስከ 2001 ዓ.ም. ከማስተማሩ ጎን ለጎን በኢትዮጵያውያን ወላጆችና በፈረንሳይ አሳዳጊዎች መካከል የሚመላለሱ ደብዳቤዎችን እተረጉም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከእነዚያ ደብዳቤዎች አንዱ፣ በስድስት ዓመቷ ሄዳ አማርኛ ለመማር በተመለሰች ወጣት እጅ፣ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። ስለ ደብዳቤው ከመናገሬ በፊት ግን ጥቂት ነገሮችን ማብራራት ያስፈልጋል።

2. የቃሉ ትርጉምና የሕጉ ትርጉም

«ጉዲፈቻ» ከኦሮምኛ የተወሰደ ቃል ነው። ሥሩ ማሳደግ የሚለውን ሐሳብ የያዘ ሲሆን፣ ቅጥያው ድርጊቱ ለአድራጊው ለራሱ የሚሆን መሆኑን ያመለክታል፤ ስለዚህ ቃል በቃል «ለራስ ማሳደግ» እንደ ማለት ነው። በባህሉ ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ይቈጠራል፤ ይወርሳል፣ በጎሳው ይጠራል። ይሁንና ከወለዱት ወገኖቹ ተሰውሮ አይኖርም፤ ከማን እንደተወለደ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህን መንፈስ ጠብቋል። የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቈጠራል፤ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነትም አይቋረጥም፤ ከሁለቱ መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። በፈረንሳይ ሕግ ደግሞ ሁለት ዓይነት ጉዲፈቻ አለ። አንደኛው «ቀላል» የሚባለው ሲሆን የትውልዱን ሐረግ አይበጥስም፤ ሁለተኛው «ሙሉ» የሚባለው ግን ይበጥሳል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ሕግ እንደሚለው፣ በውጭ አገር የተደረገ ጉዲፈቻ ሐረጉን ፈጽሞ የማይበጥስ ከሆነ እንደ «ቀላል» ይቈጠራል፤ ወደ «ሙሉ» ሊለወጥ የሚችለው ፈቃደኞቹ ነገሩን አውቀው በግልጽ ሲስማሙ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። «ሙሉ» የሚለው ቃል በአማርኛ ጆሮ የመጉደል ተቃራኒ ነው። አንዲት የገጠር እናት «ሙሉ ጉዲፈቻ» ሲባል ብትሰማ የሚታያት ልጇ ሁለት ቤተሰብ አግኝታ ስትሞላ ነው እንጂ፣ የእርሷ እናትነት ከመዝገብ ሲፋቅ አይደለም።

3. ሕፃኑ የሚያየው

ሀ. መቼት። የእነዚህ ልጆች ታሪክ በአሳዳጊዎቹ ቤት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው። የአልበሙ የመጀመሪያ ፎቶግራፍ የዚያን ቀን የተነሣ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ስድስት ዓመት ግን ፎቶግራፍ የለውም። የተወለደችበት ቀን እንኳ ለሰነድ ሲባል በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ በእኛና በአውሮፓውያን አቈጣጠር መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነትም ሌላ መደናገር ይጨምራል። ስለዚህ የታሪኩ ትልም መነሻ የለውም፤ ልጁ የሚገባው ከመካከል ነው።

ለ. ስም። በእኛ ዘንድ የአንድ ሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። በፈረንሳይ የአሳዳጊው የቤተሰብ ስም ሲገባ የአባት ስም ቦታ ያጣል፤ የልጅቱ የራሷ ስም ቢቀርም ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ስም ኋላ ይሰለፋል። ስም በመነጠቅ ረገድ የገጣሚው ለምን ሲሳይ ታሪክ የታወቀ ነው። እርሱ በ1967 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ በሌላ ስም፣ በአሳዳጊ ቤተሰብና በሕፃናት ማሳደጊያ አደገ። እውነተኛ ስሙን ያወቀው በወጣትነቱ ሰነዶቹን ባገኘ ጊዜ ነው፤ እናቱ ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችው ደብዳቤም ከሰነዶቹ ጋር ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርእስ የተመሠረተው ስሙ በአማርኛ ጥያቄ በመሆኑ ላይ ነው።

ሐ. ቋንቋ። ሕፃን ልጅ ቋንቋውን በወራት ውስጥ ሊያጣ ይችላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ክሪስቶፍ ፓሊዬና ባልደረቦቹ ከኮሪያ ከሦስት እስከ ስምንት ዓመታቸው ወደ ፈረንሳይ የመጡ ስምንት ጎልማሶችን መርምረው ነበር። ኮሪያኛ ሲሰሙ የአንጎላቸው ምስል ኮሪያኛ ሰምተው ከማያውቁ ፈረንሳውያን አልተለየም። በ2017 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የተካሄደ ሌላ ጥናት ግን ከኮሪያ በሕፃንነታቸው የመጡ ሰዎች የቋንቋውን ድምፆች እንደገና ሲማሩ ከሌሎች ይልቅ እንደሚቀናቸው አሳየ። በሌላ አነጋገር ቃሉ ቢጠፋም የመማሩ መንገድ ሁሉ አልጠፋም። ከላይ የጠቀስኋት ተማሪዬም «እናት» የሚለውን ቃል እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ከመጽሐፍ ተማረች፤ «ጠ» እና «ቀ»ን ግን በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ችግር ተናገረች። አንድ ተማሪ ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም በዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ዝም ብሎ የቀረ ሰው እኔ ነበርሁ።

መ. ምስጋና። ተማሪዬ እንደነገረችኝ በልጅነቷ ከሁሉ አብዝታ የሰማችው ቃል «ዕድለኛ ነሽ» የሚል ነው። አሳዳጊዎቿን ትወዳቸዋለች፤ ይህንም ደጋግማ ትናገራለች። ይሁንና ዕድለኛ የተባለ ልጅ ማልቀስ እንደ ውለታ ቢስነት ይቈጠርበታል። ስለሆነም በእነዚህ ተራኪዎች ጽሑፍ ውስጥ ሕፃኑ የሚያዝንበትን ነገር ትልቁ ሰው ይቅርታ እየጠየቀ ሲተርከው እናያለን። አንድ ሐያሲ ይህን ማመንታት የአጻጻፍ ድክመት አድርጎ ቢወስደው ይሳሳታል፤ ድምፁ ሁለት የሆነው ያየውና የሚናገረው ሁለት ስለሆኑ ነው።

4. ደብዳቤው

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። እናትየው ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ በ1998 ዓ.ም. ቃሏን ለጎረቤት ልጅ እየነገረች አስጻፈች። ጽሑፉን እኔ ተረጎምሁ፤ ትርጉሙን አሳዳጊዎቹ ለልጅቱ አነበቡላት። ስለዚህ ደብዳቤው ከተናጋሪዋ እስከ ሰሚዋ በሦስት ሰዎች አፍና እጅ አልፏል ማለት ነው።

እናትየው ያለችው «ልጄን አደራ ሰጥቻችኋለሁ» ነው። የእኔ ፈረንሳይኛ ግን «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» ይላል። አንዲት ቃል ብቻ ጐደለች። አደራ በአማርኛ ባለቤትነቱ ያልተላለፈ ነገር ነው፤ ተቀባዩ ይጠብቃል፣ ሰጪው ያስታውሳል። አደራ የበላ ሰው በሕግ ባይጠየቅ እንኳ በአገሩ ስሙ ይጠፋል። በፈረንሳይኛ ለዚህ የሚቀርብ ግሥ አለ፤ እኔም ዐውቀው ነበር። የተውሁት አሳዳጊዎቹ «ልጅቱን ትጠይቀን ይሆን?» ብለው እንዳይደነግጡ በማሰብ ነው። ያን ጊዜ ይህን ጨዋነት ብዬዋለሁ።

ተማሪዬ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አመጣችልኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በልቧ የያዘችው «እናቴ ሰጠችኝ» የሚለውን ነበር። አማርኛውን ራሷ ማንበብ ስትጀምር የማታውቀው አንድ ቃል አገኘች።

«መምህር፣ አደራ ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

ተረጎምሁላት። ቀጥላ «ታዲያ ይህን የተረጎመው ሰው ለምን ተወው?» ስትል ግን ወዲያው አልመለስሁላትም። ትርጉሙ ላይ ፊርማ አልነበረም፤ እጅ ጽሑፉን ግን ዐውቀዋለሁ። በሦስተኛው ቀን እኔ መሆኔን ነገርኋት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለአንድ ሳምንት ክፍል አልመጣችም። ስትመለስ ያለችኝ «እንግዲያው አሁን እንደገና እንተርጉመው» የሚል ነው።

ተረጎምነው። እርሷ «አደራ»ን ወደ ፈረንሳይኛ ሳትመልስ እንዳለ በላቲን ፊደል ጻፈችው፤ ከግርጌውም የስድስት መስመር ማብራሪያ አከለችበት። ቅጂውን ለአሳዳጊዎቿ ላከችላቸው።

5. ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ በጥር 2010 ዓ.ም. ከልክላ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የቤተሰብ ሕጉን አሻሽላለች። ከዚያ በፊት ግን ወደ አሜሪካ ብቻ በ2010 እ.ኤ.አ. 2,500 ያህል ሕፃናት ሄደዋል። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 200,000 ያህል ልጆች ወደ ውጭ ከተላኩባት ከደቡብ ኮሪያ ተመልሰው ሰነዳቸውን የጠየቁት ያደጉት ልጆች ራሳቸው ናቸው፤ የአገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽንም መንግሥት በጉዲፈቻው ሂደት ለተፈጸሙ የሰብአዊ መብት ጥሰቶች ኃላፊ መሆኑን ያስታወቀው በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛዎቹም እየጎለመሱ ነው፤ አንዳንዶቹ እየጻፉ ነው፤ አንዳንዶቹ በራችንን ያንኳኳሉ።

ስለዚህ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እነዚህን ጽሑፎች ስትመረምሩ ሕፃኑ ያየውን ትልቁ ሰው ከሚናገረው ለዩ፤ በመካከላቸው የገባ ተርጓሚ መኖሩንም አትርሱ። ሁለተኛ፣ እንደ እኔ ደብዳቤ የተረጎማችሁ ባልደረቦቼ የአማርኛው ቅጂ በእጃችሁ ካለ አትጣሉት። የሚመለከተው ሰው አንድ ቀን መጥቶ ይጠይቃችሁ ይሆናል፤ እስከዚያው ድረስ ወረቀቱ እናንተ ዘንድ አደራ ነው።