ኤሲው ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት። ከደጋ የመጡ የክፍላችን ልጆች ይህን በደንብ የሚረዱት ግንቦትና ሰኔ ሲገባ ነው። በእነዚህ ወራት ከ35 ዲግሪ በላይ መሆኑ ብርቅ አይደለም። የድሮ ድሬዎች መፍትሔያቸው አልጋ አውጥቶ ግቢ ውስጥ መተኛት ነበር፤ አሁንም የሚያደርገው አለ። አቅም ያለው ደግሞ ኤሲ ያስገባል። ያ ኤሲ አንድ ቀን ሞቃት አየር መንፋት ሲጀምር ግን ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል፤ ይጠገን የሚልና ይለወጥ የሚል።

እኛ ቤትም የሆነው ይኸው ነው። አያቴ የደም ብዛት አለባቸው። ቬንትሌተር ይበቃል እንዳይባል፣ ቬንትሌተር አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሙቀቱ 40 ዲግሪ ከደረሰ ቬንትሌተር እንዳንጠቀም ይመክራል። በሌላ በኩል ቤት ውስጥ የተቀመጠችው ብር የእህቴ የኮሌጅ ክፍያ ናት። አባቴ «ጋዜጠኛ ነኝ ትል የለም እንዴ፣ እስቲ አጣራ» አለኝና ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

ሦስት ቴክኒሻን ጠየቅሁ፤ ሦስት መልስ አገኘሁ። አንዱ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋዝ ጨርሷል» አለ። ሁለተኛው «ኮምፕሬሰሩ ሄዷል» አለ። ሦስተኛው፣ አዲስ ኤሲም የሚሸጥ ነው፣ «አቦ ይሄን ጣሉትና ተገላገሉ» አለን። ክፍል ውስጥ «ምንጩ ከሚናገረው ነገር ምን ይጠቀማል?» ብላችሁ ጠይቁ የምንባለው ለፖለቲከኛ ብቻ አይደለም ለካ። ከሦስቱ አንዱም የግፊት መለኪያ ጌጅ አላሰረም፤ ስለዚህ የነገሩን ግምት እንጂ ምርመራ አልነበረም።

ለመሆኑ ኤሲ ምን ያደርጋል? ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ከክፍሉ ውስጥ ሙቀት አንሥቶ ውጭ ይጥላል። የሚያጓጉዘው ጋዝ በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ውስጥ ባለው ክፍል ከፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ የቤቱን ሙቀት ይጠጣል፤ ውጭ ያለው ኮምፕሬሰር ይጨምቀውና ሙቀቱን ለውጭው አየር ለቆ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ያው ጋዝ ለዓመታት ይዞራል። «ጋዝ ጨርሷል» ማለት እንግዲህ «የሚያፈስ ቦታ አለ» ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላት በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መጫን ነው፤ በየዓመቱ ከሙቀቱ በፊት ቴክኒሻን የሚጠሩ ቤቶች የሚከፍሉት ለዚህ ይመስለኛል። ቀዳዳን ለማግኘት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹ ላይ መቀባት ይበቃል።

ከጋዝ በፊት መታየት ያለባቸው ርካሽ ነገሮችም አሉ። የኛ ከተማ አቧራ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ የውጭውንም ክፍል ያለብሰዋል። ሙቀቱን መጣል ያቃተው ማሽን ሲታይ የሞተ ይመስላል፤ ታጥቦ ግን ይነሣል። ኮምፕሬሰሩ እያጉረመረመ መነሣት ካቃተው ጥፋቱ ካፓሲተር የምትባለው ትንሽ ዕቃ ልትሆን ትችላለች። «ኮምፕሬሰሩ ሄዷል» የተባለ ሁሉ አልሄደም ማለት ነው። በእርግጥ የመብራት ነገር ኮምፕሬሰር ይገድላል፤ ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሦስት አራት ደቂቃ ሳይጠብቁ ማስነሣትም እንዲሁ ነው።

ቤቱም ይጠየቅ። ቀዚራ ያሉት የባቡር ድርጅት ዘመን ቤቶች ወፍራም ግድግዳና በረንዳ አላቸው፤ ዛፍም አላቸው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ግን ቀኑን ሙሉ ከላይ ይጋገራል። እዚያ ውስጥ አዲስ ኤሲ ገዝቶ መስቀል አሮጌውን መስደብ አይሆንም ትላላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ውጭው ክፍል ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ አንብቡ፤ የጋዙ ዓይነት ተጽፏል። የኛ አር-22 ይላል። ይህ ጋዝ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሥር ከገበያ እየወጣ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ፍጆታውን እ.ኤ.አ. በ2030 ያቆማሉ፤ ለአሮጌ ማሽኖች ጥገና የሚሆን ጥቂት ብቻ እስከ 2040 ይፈቀዳል። ይህ ማለት የአር-22 ማሽን ዛሬ ይጠገናል፣ ነገ ግን ጋዙን ማግኘት እየከበደ ይሄዳል። «በሌላ ጋዝ እንሙላው» የሚል ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። አር-410 የሚባለው ግፊቱ በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ ዘይቱም ሌላ ነው፤ የአር-22 ኮምፕሬሰር አይችለውም። እንደ ፕሮፔን ያለ ተቀጣጣይ ጋዝ ለዚያ ባልተሠራ ማሽን ውስጥ መሙላትማ መኝታ ቤት ውስጥ እሳት መጋበዝ ነው።

ውጭ አገር ሁለት የታወቁ ቀመሮች አሉ። አንደኛው «ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ግማሹን ካለፈ ለውጥ» ይላል። ሁለተኛው የማሽኑን ዕድሜ በጥገናው ዋጋ አባዝቶ ከ5,000 ዶላር ከበለጠ መለወጥን ይመክራል። እኔ ይህ ለድሬ አይሠራም ባይ ነኝ። እዚያ የባለሙያ ጉልበት ውድ ነው፤ እዚህ ጉልበቱ ርካሽ ሆኖ ዕቃው ውድ ነው፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ።

«አዲሱ መብራት ይቆጥባል» የሚለው እውነት ነው፤ ግን እናስላው። አሮጌ ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ 1,400 ዋት፣ አዲሱ 1,000 ዋት ይፈጃል እንበል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ ልዩነቱ 3.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በወር 96። አራቱን የሙቀት ወራት ብናስብ በዓመት 384 ይሆናል። ይህን በደረሰኛችሁ ላይ ባለው ዋጋ አባዙትና ከአዲሱ ኤሲ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ብዙ የሚጠቀምም ለአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል። ቢሆንም ኤሲ በመብራት ቁጠባ ብቻ ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል ብሎ የእህትን ክፍያ ማውጣት አያዋጣም። ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት ለሚያበራ ሱቅ ወይም ሆቴል ሒሳቡ ሌላ ነው።

በመጨረሻ አራተኛ ሰው አመጣን። ጌጅ አሰረ፣ ሳሙና ቀባ፤ አረፋው ከውጭው መጋጠሚያ ላይ ተንኳኳ። የቱቦውን አፍ ቆርጦ እንደገና አሰፋና አጠበቀው። ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን አወጣ። ይህን የሚዘል ቴክኒሻን ካያችሁ አስቁሙት፤ ውስጥ የቀረ እርጥበት ኮምፕሬሰሩን ይበላዋል። ጋዙንም በግምት አልሞላም፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያህል በሚዛን መዘነ። አባቴ ቀኑንና ግራሙን ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ ቶሎ ከጎደለ ሌላ ቀዳዳ እንዳለ እናውቃለን።

ቀዳዳው ክፍሉ ውስጥ ባለው ጥቅልል ቱቦ ላይ ቢሆን፣ ወይም ኮምፕሬሰሩ የእውነት ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ግን እኔም ይለወጥ እል ነበር። ለአር-22 ማሽን ኮምፕሬሰር መግዛት ትልቅ ገንዘብ አጥፊ ነው። ያ ቀን መምጣቱ ስለማይቀር አባቴ ከአሁኑ እቁብ ገብቷል።