የእሾኽና የመሶብ ወገን

በሞቃትና በመጠነኛ አየር ምድር ሁሉ ተሠራጭቶ የሚገኘው፣ የዕፀዋት ሊቃውንትም ሴንክሩስ ብለው የሰየሙት የሣር ወገን ከመቶ የሚበልጡ ዝርያዎችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዳንዱ የመንገደኛን እግር የሚወጋ፣ አንዳንዱ ሰውንና ከብትን የሚመግብ፣ አንዳንዱም ለጌጥ የሚተከል ነው። በቤይሩትና በዙሪያዋ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ይህን ወገን ከሜዳ ይልቅ የሚያውቀው በማእድ ዙሪያ ነው፤ እሑድ እሑድ የሀገር ልጆች በሚሰበሰቡባቸው በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ሠፈሮች እንጀራ የሚቀርብበት መሶብ፣ የተሰፋበት ስንደዶ ከዚሁ ወገን የተወለደ ነውና።

ወደ ስንደዶው ከመድረሳችን አስቀድሞ ግን ወገኑን ያስጠላውን እሾኽ መግለጽ ይገባል። በእነዚህ ሣሮች ዘለላ ላይ አበባ ከሚያወጡት ቅርንጫፎች ጎን፣ አበባም ፍሬም የማይሰጡ መካን ቅርንጫፎች ይበቅላሉ፤ እነዚህም በአንዳንዱ ዝርያ ለስላሳ ጠጕር ሆነው ሲቀሩ፣ በሌላው ግን እየደረቁና እየጠነከሩ ሄደው፣ ከግርጌያቸው እርስ በርስ ተጋጥመው፣ ፍሬውን ዙሪያውን የሚከድን እሾኻም ቋት ይሆናሉ። ከዚህ ቋት አንዱን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር ሰው፣ እሾኹ ጫፉ የሾለ ብቻ ሳይሆን ጎኑም ወደ ኋላ በዞሩ ደቃቅ ጥርሶች የተሞላ መሆኑን ያያል፤ በቀላሉ ገብቶ በቀላሉ አልወጣ የሚለውም ስለዚህ ነው። ቋቱ በበሰለ ጊዜ ከነፍሬው ተበጥሶ ይወድቃል እንጂ ተከፍቶ ዘሩን አይበትንም፤ ዘሩም እዚያው እንደ ተከደነ ስለሚበቅል፣ ለጋውን ቡቃያ ከአሸዋ ውስጥ ነቅሎ የተመለከተ ሁሉ የአምናው እሾኽ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ያገኘዋል፤ የአረም ባለሙያዎችም ቡቃያውን ከሌላው ሣር የሚለዩበት አንዱ ምልክት ይኸው ነው። በሀገራችን ቀሚስና ጋቢ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግረን ጨጎጎት ከሌላ ነገድ የተወለደ ነው፤ የጉዞው ብልሃት ግን አንድ ነው።

ይህ ብልሃት ወገኑን የት የት አላደረሰውም! በአሜሪካ የተፈጠረው ሴንክሩስ ኤኪናቱስ ባሕር ተሻግሮ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ብቻዋን የተቀመጠችውን የሌይሳን ደሴት ስለ ወረረ፣ የባሕር ወፎች መራቢያ የሆነችውን ያችን ደሴት ለመታደግ የአሜሪካ የዱር አራዊት ጠባቂዎች በ1990ዎቹ ዓመታት እዚያው ሠፍረው ሲያጠፉት ኖረዋል። የአፍሪካና የእስያ ተወላጅ የሆነው ቡፌል ሣርም ወደ አውስትራልያ የገባው የግመል ነጂዎች ኮርቻ በተሞላበት ድርቆሽ ውስጥ ተሸሽጎ ነው ተብሎ ይተረካል፤ ኋላም ከብት አርቢዎች ለመኖ ብለው ሆን ብለው ዘሩት፤ ዛሬ ግን በዚያና በአሪዞና በረሃ ደርቆ የሰደድ እሳት ማገዶ እየሆነ፣ እሳት ለምዶ የማያውቀውን ረጃጅም ቁልቋል ሳይቀር ያስፈጃል። በሳህል ደግሞ ክራም ክራም የሚባለው ዝርያ ሰውን እጅግ ያሠቃይ ስለ ነበር፣ በ1850ዎቹ በዚያ አገር የተዘዋወረው ጀርመናዊው ተጓዥ ሃይንሪኽ ባርት፣ ያለ ወረንጦ መንቀሳቀስ እንደማይቻል ጽፏል። ይሁን እንጂ ያው ሕዝብ በራብ ዘመን ይህንኑ ፍሬ ሰብስቦ፣ ወቅጦና አበጥሮ ይመገበዋል። የምድርን አቀማመጥ የሚያጠኑ ሊቃውንትም የሰሃራ ደቡባዊ ወሰን የት ላይ እንደሚያበቃ ለመወሰን ከሚጠቀሙባቸው ምልክቶች አንዱ፣ ክራም ክራም ወደ ሰሜን ሲሄድ የሚቆምበት መስመር ነው፤ ከነገሥታት ውል ይልቅ የአንድ አረም ፈቃድ ድንበር ሲያጸና ማየት ያስደንቃል።

ቤይሩት በዚህ ትውውቅ ውስጥ የገባችው ግን በመሶቡ ብቻ አይደለም። በራስ ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በጆርጅ ፖስት ስም የተሰየመ የደረቁ ዕፀዋት ማኅደር አለ። ፖስት በ1838 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ተወልዶ፣ በ1863 በወንጌላዊነት ወደ ሶርያ የመጣ፣ ኋላም በ1866 በተመሠረተውና በዚያን ጊዜ የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ ይባል በነበረው ትምህርት ቤት ሕክምና ያስተማረ ሐኪም ሲሆን፣ ከታውሮስ ተራሮች አንሥቶ በሲና ጫፍ እስካለው እስከ ራስ ሙሐመድ፣ ከባሕሩ ዳር አንሥቶ እስከ ሶርያ ምድረ በዳ ያለውን ዕፅ መዝግቦ በ1896 ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ እርሱ በ1909 ካረፈ በኋላም ጆን ዲንስሞር አርሞና አስፍቶ በ1932 እና በ1933 በቤይሩት አሳተመው። የቀዶ ሕክምና ቢላዋ የሚይዝ እጅ የሣር ዘለላ ሲያነጣጥል መዋሉ ለዘመናችን ሰው እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ለዚያ ዘመን ሐኪም ግን ዕፅን ማወቅ የሙያው ግማሽ ነበር።

በፖስት ዘመን መካን ቅርንጫፎቹ ተጋጥመው እሾኽ የሆኑበት ሣር ሴንክሩስ፣ ጠጕር ሆነው ተፈትተው የቀሩበት ደግሞ ፔኒሴቱም እየተባሉ፣ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ወገኖች ሆነው ይጻፉ ነበር። ክፍፍሉን ዘወትር የሚያውከው ያው ቡፌል ሣር ነበር፤ ጠጕሩ ከግርጌው ጥቂት ተጋጥሞ ከላይ የተፈታ በመሆኑ፣ ስዊድናዊው ሊኔዎስ በ1771 ከሴንክሩስ ቢቆጥረው፣ ተከታዮቹ ወደ ፔኒሴቱም ሲያዛውሩት፣ ሌሎች ሲመልሱት፣ እንዲሁ በሁለት ደጅ ሲመላለስ ኖረ። በመጨረሻም በ2010 አርጀንቲናዊቷ አሜሊያ ኬሚስኪና ባልደረቦቿ የሣሮቹን የዘር ሰንሰለት በዲ ኤን ኤ መርምረው፣ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ የተጠላለፉ የአንድ ሐረግ ልጆች መሆናቸውን ስላረጋገጡ፣ ሁሉንም በቀደመው ስም በሴንክሩስ ሥር አጠቃለሏቸው፤ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች ረግረግ ውስጥ የሚበቅለውን፣ እስከዚያ ጊዜ ለብቻው አንድ ወገን ሆኖ የኖረውን ሣርም ጨምረው ሴንክሩስ አቢሲኒኩስ አሉት። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ እሾኽ ስለ ወጋን ብቻ ዘመድን ከዘመድ መለየት የእግራችንን ቁጣ እንጂ የፍጥረትን ሥርዓት አይገልጽም። በርካታ የእርሻ ሊቃውንት ግን እስከ ዛሬ አሮጌውን ስም አልተዉም፤ አልፈርድባቸውም፣ ስንት መጽሐፍ በዚያ ስም ተጽፏል።

በዚህ ውህደት የወገኑ መልክ ፈጽሞ ተለወጠ። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት በምዕራብ አፍሪካ ለማዳ የሆነውና ዛሬ በደረቅ አገር የሚሊዮኖች ቀለብ የሆነው ቡልቱግ ገባበት፤ ለከብት የሚታጨደው የዝሆን ሣርም ገባበት። ኪኩዩ የሚባለው ምንጣፍ ሣር ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ በሜዲትራንያን ዳርቻ ሳይቀር በአትክልት ቦታና በኳስ ሜዳ ተነጥፎ ይታያል፤ አበባው በቅጠሉ ሰገባ ውስጥ የተሰወረ በመሆኑ የማያብብ ይመስላል፤ በቅርቡ በታጨደ መስክ ላይ ግን ማለዳ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው፣ ከሣሩ መካከል ብቅ ያሉ ቀጫጭን ነጫጭ ክሮች ያገኛል፤ እነዚህም የተሰወረው አበባ ወንዴ ዘንጎች ናቸው።

ስንደዶም ከጠጕራሞቹ ወገን ነው። ከ1837 ጀምሮ በትግራይ ምድር ተቀምጦ ዕፀዋት ሲሰበስብ የኖረውና በ1878 ያረፈው ጀርመናዊው ሽምፐር ብዙ የሀገራችንን ሣር ለአውሮፓ ያስተዋወቀ ሲሆን፣ ስንደዶንም አንዳንድ መጻሕፍት በእርሱ ስም ይጠሩታል። ደጋ ላይ በግጦሽ መስክ ጉጥ ጉጥ ብሎ የሚበቅል፣ አገዳው ቀጭንና ጠንካራ የሆነ፣ ከብት ሌላ ሣር ካገኘ የሚያልፈው ነው፤ ላም የናቀችው ይህ ጥንካሬው ግን ለባለ ስፌቷ ዋና ሀብቷ ነው። ክረምቱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ልጃገረዶች ተጠራርተው ይለቅሙታል፤ ከደረቀ በኋላ ገሚሱ እንዳለ ይቀመጣል፣ ገሚሱ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ስትሰፋም ውኃ እያስነካች ታለሰልሰዋለች፤ ደርቆ ከታጠፈ ይሰበራልና። ከአክርማ ጋር እያጣመረች፣ በወስፌ እየበሳች ዙሩን በዙር ላይ ታስከትላለች፤ ዙሩ ላልቶ ከተሰፋ መሶቡ ይጣመማል፣ ጠብቆ ከተሰፋም አፉ ይጠባል፤ የእጇ ሙያ የሚለካውም በዚህ ነው። ሌማቱም፣ ሙዳዩም፣ አገልግሉም መነሻቸው ያው ዙር ነው።

ቤይሩት የሚገኘው መሶብ እንግዲህ ከዚህ ተነሥቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በአውሮፕላን ሻንጣ የሄደ ነው። በዚህ ላይ ስደተኛይቱን ልብስ ላይ ተጣብቆ ከሚጓዝ ፍሬ ጋር ማመሳሰል ለጸሐፊ ቀላል ፈተና ነበር፤ ዳሩ ግን ፍሬው ማንም ሳይጠራው የሚሄድ ሲሆን፣ ለቤት ሥራ ወደ ሊባኖስ የምትሄደዋን ሴት በከፋላ ሥርዓት አንድ አሠሪ ስሟን ጠርቶ፣ ለመኖሪያዋም ዋስ ሆኖ ፈርሞ ስለሚያስመጣት፣ ምሳሌው ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። ባይሆን መሶቡ የሚደርስበትን ማወቅ ይጠቅማል፤ የደጋው ደረቅ አየር ልጅ የሆነው ስንደዶ ጠል በበዛበት በባሕሩ አየር፣ በተለይም በበጋ፣ ቶሎ ስለሚሻግት፣ እንጀራው ከወጣ በኋላ ከፍቶ በሰገነት ላይ ፀሐይ ማስመታት ግድ ይሆናል። ሊባኖሳውያኑም ለዚህ ዕቃ ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም፤ የሊባኖስና የሶርያ ገጠር ሴቶች ቀለም የተነከረ የስንዴ አገዳ በዙር እየሰፉ ጠፍጣፋ ገበታ ይሠራሉ፤ ይህንንም ያየች ኢትዮጵያዊት ሰፌድ ነው ብትል አትሳሳትም። ልዩነቱ በአገዳው ነው፤ የስንዴ አገዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተሰንጥቆና ተዘርግቶ ሰፊ ሪባን ይወጣዋል፣ ያንጸባርቃልም፤ ስንደዶ ግን ቀጭን በመሆኑ ዙሩን ደቃቅ፣ ሐረጉንም ረቂቅ አድርጎ ለመሥራት ይመቻል።