የትንንሾቹ ሳምንት፦ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በጉራጌ ከተሞች

ሰኞ ጠዋት በነርሰሪ ክፍል ሥራ ከጥፍር ይጀምራል። ሰልፉ አልቆ፣ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ፣ ብሔራዊ መዝሙሩ ተዘምሮ ልጆቹ ሲገቡ፣ መምህሯ በየጠረጴዛው እየዞረች የተዘረጉትን ትንንሽ እጆች ታያለች። ጥፍሩ ያደገ፣ መሐረብ የረሳ፣ ቅዳሜና እሑድ ጉልበቱ የተላጠ፣ ሁሉም ይለያል። ቁጣ የለም። ሞግዚቷ ጥፍር መቁረጫዋን ይዛ በሩ አጠገብ ትቀመጥና አንድ በአንድ ትቆርጣለች። ይህን በየሳምንቱ ሳያቋርጡ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወላጆች ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲጠየቁ በቅድሚያ የሚያነሡትም ይህንኑ ሥርዓትና ጥንቃቄ ነው።

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በጉራጌ ምድር ማስተማር የጀመረችው ወልቂጤ ዛሬ የምናውቃት ከተማ ሳትሆን በፊት ነው። መነሻዋ እምድብር ናት። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በልጅነቱ የተማረው በእምድብሩ ሚሲዮን ነበር፤ በኋላ በቸሃ ጉራጊኛ የጻፈውን የገጠር ሕይወት ታሪክ የቋንቋ ምሁሩ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ታትሟል። ከወልቂጤ ብዙም የማይርቀውን የአጣጥ ሆስፒታል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች ከፈቱት። የእምድብር ሀገረ ስብከት ከአዲስ አበባው ተለይቶ ራሱን የቻለው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ትምህርት ቤቱና ሕክምናው ከጳጳሱ መንበር ቀድመው መምጣታቸውን ልብ ይሏል።

በክፍሉ የተቀመጡት እነማን ናቸው? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በያኔው የጉራጌ ዞን ከነዋሪው ከግማሽ በላይ ሙስሊም ነበር፤ ከቀሪው የሚበዛው ኦርቶዶክስ ነው። ካቶሊኮች በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ በወልቂጤም ሆነ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው በቡታጅራ አካባቢ፣ ቤተ ክርስቲያኗ የምታስተምረው በአመዛኙ የጎረቤቶቿን ልጆች ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ስለ እውነት፣ ስለ ማካፈልና ስለ ይቅርታ የሚነገረውም በግብረ ገብ ስም ነው። ሃይማኖቱን የሚያስታውሰው የሲስተሮቹ (የመነኮሳይቱ) ልብስ፣ የግቢው ቤተ ክርስቲያንና በቢሮ ግድግዳ ላይ ያለችው የማርያም ሥዕል ነው። በቤተ ክርስቲያኑ የሚቀደሰው ቅዳሴም በግዕዝ ሥርዓት ስለሆነ ለኦርቶዶክስ ወላጆች ጆሮ ባዕድ አይደለም።

ማክሰኞና ሐሙስ የፊደልና የቁጥር ቀናት ናቸው ማለት ይቻላል። በአንድ ግድግዳ የሀሁ ገበታ፣ በሌላው የእንግሊዝኛው ፊደል ተለጥፏል። ቁጥር የሚለመደው ከየሻይ ቤቱ በተሰበሰበ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ልጁ አምስት ቆርኪ ይደረድራል፤ መምህሯ ሁለቱን ታነሣና «ስንት ቀረ?» ትላለች። ደግሞ መልሳ ታደባልቅና ሌላ ታስቆጥረዋለች። በጣቱ ዳስሶ የቆጠረ ልጅ በደብተር ላይ 3 ቁጥርን ሲያይ አይደነግጥም። ከገጠር ቀበሌ የመጣው፣ ቤቱ በጉራጊኛ ብቻ የሚያወራው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝም ይላል። ጎበዝ መምህር አታስቸኩለውም፤ ውሃ ሲፈልግ በራሱ ቋንቋ ትመልስለታለች፤ አማርኛውን ከጨዋታ ጓደኞቹ ይለቅማል።

የዚህን ክፍል ሳምንት ከሌላው የሚለየው ግን የምሳ ሰዓት ነው ባይ ነኝ። ምሳ ዕቃዎቹ ሲከፈቱ ቆጮ በጎመን፣ እንጀራ በሽሮ፣ ፓስታ፣ እንቁላል፣ አንዳንዴም ሥጋ ይወጣል። የአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ አዋቂ ሁሉ ያውቃል። የአራት ዓመት ልጅ ግን አያውቅም፤ ጓደኛውን ያጎርሳል እንጂ። ስለዚህ ሞግዚቷ ሥጋ ያለበት ምሳ ዕቃ የማን እንደሆነ ለይታ ማወቅ አለባት። ልጆቹን ሳታስደነግጥ፣ «ይሄ ያንተ ነው፣ ይሄ የሷ» እያለች ታበላለች። አንድ ቀን ብትሳሳት የሚጎዳው የሁለት ቤተሰብ እምነት ነው።

ረቡዕና ዓርብ ግን ይቀላታል። የኦርቶዶክስ ሕግ ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ሕፃን ባያስጾምም፣ ብዙ እናቶች የጾም ምግብ ነው የሚቋጥሩት። ሽሮውና ጎመኑ፣ ምስሩና ድንቹ ለሁሉም የተፈቀደ ነው። በእነዚህ ቀናት ሃና ከፋጡማ፣ ፋጡማ ከሃና ትጎርሳለች፤ ሞግዚቷም እጇን ሰብስባ ታያለች። ጾም እንዲህ ለልጆች ማዕድ አብሮ መብያ ሲሆን ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዓርብ ጠዋቱ አጭር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለጁምዓ ሶላት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚዘጉ ከተማው ራሱ በዚያ ልክ ይንቀሳቀሳል። ልጆቹ በባጃጅ ከመጫናቸው በፊት በየቦርሳቸው የመገናኛ ደብተር ይገባል። መምህሯ የሳምንቱን ነገር ትጽፋለች፤ ምን እንደተማረ፣ ምን እንዳስቸገረው፣ ለሰኞ ምን እንደሚያመጣ። «ረቡዕ ሆዱን አሞት ነበር፣ በቤት ተከታተሉት» ይላል አንዱ። ወላጅ አንብቦ ይፈርማል።

ብዙው አባት ግን በሳምንቱ ቀናት ቤት የለም፤ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሱቅ ላይ ነው። እናት ማንበብ ካልቻለች ደብተሩን የምታነበው አምስተኛ ክፍል የደረሰችው ታላቅ እኅት ናት። አንብባ ለእናቷ ትነግራለች፣ እናቷ ያለችውን ትጽፋለች፣ ትፈርማለችም። የመምህሯ ጽሑፍ ግልጽና በአጭር ዓረፍተ ነገር የሚሆነውም አንባቢዋ ሕፃን ልትሆን እንደምትችል ስለምታውቅ ነው። አንዳንዷ እኅት ደግሞ ጽሑፉን በስልክ ፎቶ አንሥታ ለአባቷ ትልካለች፤ ሰኞ ከእናት ፊርማ በታች የአባት መልስ በልጅ እጅ ጽሑፍ ሰፍሮ ይመለሳል።