አንኮበርና ሌት ማረፊያ

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት የሜዳ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ወደ 380 ሜትር ብቻ ነው። በክረምት ወራት ጥቁር ዓባይ ደፍርሶ የሚመጣው ከኢትዮጵያ ደጋዎች ታጥቦ የሚወርደውን አፈር ተሸክሞ ነው። ከእነዚህም ደጋዎች አንዱ በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። በደብረ ብርሃን የሚዘንበው ዝናም በበሬሳና በጀማ ወንዞች በኩል ወደ ዓባይ ገብቶ ካርቱም ይደርሳል። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአንኮበር የሚዘንበው ዝናም ግን ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ባሕር ሳይደርስም በአፋር ቆላ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ውሃውን የሚለያየው ከፍተኛ የተራራ ሰንሰለት ነው። አንኮበር የዚህን ሰንሰለት ምሥራቃዊ ገጽ ተደግፋ የተሠራች ትንሽ ታሪካዊት መንደር ናት።

ወደ አንኮበር የሚሄድ ጎብኚ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ገብስ የሚዘራበትን ብርዳማ ሜዳ ያቋርጣል። መንገዱ ቀስ በቀስ እየወጣ ከሄደ በኋላ ሜዳው በድንገት ያልቅና ከፊቱ ገደል ይከፈታል። ጉም በማይኖርበት ጊዜ ከእግሩ በታች ኮረብታው በኮረብታ ላይ እየተደራረበ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ሲወርድ ይታየዋል። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲግጡ ይታያሉ። መንገዱ ተጠማዝዞ ጥቂት እንደ ወረደ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የቆመ ሾጣጣ ኮረብታ ይገኛል። የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረው በዚህ ኮረብታ ራስ ላይ ነው።

ነገሥታቱ ሜዳውን ትተው ይህን አስቸጋሪ ቦታ ስለ ምን መረጡ? ቀዳሚው ምክንያት መከላከያ ነው። ኮረብታው በሁሉም በኩል ቀጥ ያለ በመሆኑ ጥቂት ሰዎች ብዙ ጠላት ሊመክቱበት ይችላሉ። ሁለተኛው ምክንያት ጤና ነው፤ የወባ ትንኝ በቆላው እንጂ በዚህ ብርድ አይኖርም። ሦስተኛው ንግድ ነው። ከታጁራ ወደብ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ በአፋር በረሃ አልፎ፣ ከአንኮበር ግርጌ ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ያርፍ ነበር። አሞሌ ጨው በዚያ በኩል ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ በዚሁ አካባቢ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። በኮረብታው ላይ የተቀመጠ ገዥ ይህን በር ይጠብቃል፤ ቀረጡንም ይሰበስባል። በኢጣሊያም ብዙ ጥንታውያን መንደሮች በኮረብታ ላይ የተሠሩት ከዚህ በማይርቅ ምክንያት ነው፤ ጠላትንና የቆላን ወባ ለመሸሽ።

የአንኮበር ዝና ወደ ውጭ አገር የወጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። የልጅ ልጃቸው ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሆነው በነገሡ ጊዜ፣ በ1869 ዓ.ም. ኦራዚዮ አንቲኖሪ የተባለ ኢጣሊያዊ መጣ። አንቲኖሪ በኮረብታ ላይ በተሠራችው በጥንታዊቷ በፔሩጃ ከተማ የተወለደ የአእዋፍ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 አካባቢ በካርቱም ተቀምጦ የላይኛውን ዓባይ አገሮች አስሷል። ወደ ሸዋ የላከው የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ነው። ምኒልክም ከአንኮበር ብዙ የማይርቀውን ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለጥናት ጣቢያ ሰጡት። አንቲኖሪ በዚያ ወፎችንና ሌሎች እንስሳትን ሲሰበስብ ቆይቶ በ1874 ዓ.ም. ሞተ፤ በዚያው ተቀበረ።

ሆኖም በሳይንስ የተከፈተው በር ለፖለቲካም አገለገለ። አንቲኖሪ በሕይወት ሳለ ወደ ሸዋ የመጣው ፒየትሮ አንቶኔሊ፣ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ከምኒልክ ጋር የተዋዋለ ሰው ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣሊያ መንግሥት መገልገል ይቻላታል የሚል ፍቺ ነበረው፤ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በ«ይቻላል» እና በ«ይገባል» መካከል ያለው ልዩነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተፈታ።

መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ በኋላ አንኮበር እየተረሳች ሄደች። ቤተ መንግሥቱ ፈርሶ በኮረብታው ራስ ላይ የቀረው በድንጋይና በኖራ የተሠራ የግንብ ቁራጭ ነው። በኋላ ዘመን የቀድሞውን ቤተ መንግሥት መልክ የተከተለ የእንግዳ ማረፊያ በዚያው ተሠርቷል። እንግዲህ ጎብኚው የተሠራውን ከቀረው ለይቶ ማየት አለበት፤ አዲሱ ቤት ያስታውሳል እንጂ አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው የግንቡ ቁራጭ ነው። ከዚያ አንድ ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ከታሪካችን አንድ ቃል ይሰርዛል። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት አገር ከየት ይታይ እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዳገቱን ወጥቶ፣ ከግንቡ አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ይመልስ።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. በደብረ ብርሃንና በአንኮበር የሚዘንበው ዝናም በተለያየ አቅጣጫ የሚፈሰው ለምንድን ነው?
2. አንኮበር በኮረብታ ላይ የተሠራችባቸውን ሦስት ምክንያቶች ዘርዝሩ።
3. በሰፈራችሁ የሚገኝ አንድ አሮጌ ሕንፃ ጎብኝታችሁ፣ ምን እንደሚመሰክር በአንድ አንቀጽ ጻፉ።