«ዎከር»፦ የአንድ የእንግሊዝና የስኮትላንድ የቤተሰብ ስም አመጣጥና ትርጉም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአማርኛ ስሞች አብዛኞቹ ትርጉማቸው ግልጥ በመሆኑ፣ የባዕድ ስም ስናነብም ፍቺ መፈለግ ይቀናናል። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ስለ አሜሪካዊቷ ደራሲ ስለ አሊስ ዎከር ባቀረበው ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ስሟን «ተጓዥ» ብሎ ተርጉሞ ከሥራዎቿ ጋር አያይዞት ነበር። እኔም በቀይ ቀለም «ስሕተት» ብዬ ነጥብ ቀነስኩበት። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ የስሙን አመጣጥ ማስረዳት፣ በዚያውም እርማቴ ግማሽ እውነት ብቻ እንደነበረ ማሳየት ነው።

ዎከር ከሙያ የተገኘ ስም ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ከሸማኔ እጅ የወጣውን የሱፍ ጨርቅ በውሃ ነክሮ፣ በእግሩ እየረገጠ ቅባቱን የሚያስለቅቅና ድሩንና ማጉን የሚያጠብቅ ባለሙያ መጠሪያ ነበር። ለማጽጃነት የቆየ ሽንትና ለዚሁ የሚሆን ልዩ አፈር ያገለግሉ ነበር። ኋላ በውሃ ኃይል የሚሠራ መዶሻ የሰውን እግር እየተካ ሄደ፤ ስሙ ግን አልጠፋም።

ለሥነ ልሳን ተማሪ ይበልጥ የሚያስደንቀው የስሙ ሥርጭት ነው። ይኸው አንድ ሙያ በእንግሊዝ አገር ሦስት መጠሪያ ነበረው፤ በሰሜንና በመካከለኛው ክፍል «ዎከር»፣ በደቡብ ምሥራቅ «ፉለር»፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ «ታከር»። በስኮትላንድም የተለመደው ዎከር ሲሆን፣ ከጌይሊክ ተናጋሪዎችም መካከል «የሱፍ ረጋጩ ልጅ» የሚል ስማቸውን በእንግሊዝኛ ዎከር ብለው የለወጡ ነበሩ። በመካከለኛው ዘመን የሙያ መጠሪያዎች ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ስሞች ሆነው ሲጸኑ፣ የየአካባቢው ዘዬም አብሮ ጸና።

ዛሬ ዎከር በእንግሊዝ እጅግ ከተለመዱት ሃያ ያህል የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው። በአሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ከ500,000 በላይ ሰዎች በዚህ ስም ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ይህ አኃዝ የባርነትን ታሪክ ይዟል። ባርነት በ1865 እ.ኤ.አ. ሲሻር፣ ከነፃ ወጪዎቹ ብዙዎቹ የጌቶቻቸውን የቤተሰብ ስም ይዘው ቀርተዋል፤ ሌሎች ደግሞ ራሳቸው የመረጡትን ስም ይዘዋል።

አሊስ ዎከር ከቅድመ አያቶቿ አንዲቱ በባርነት ሳለች፣ ሁለት ሕፃናት ታቅፋ ከቨርጂኒያ እስከ ጆርጂያ በእግሯ መጓዟን ጽፋለች፤ የትውልድ ስሟንም አጥብቃ የያዘችው ለዚያች ሴት መታሰቢያ መሆኑን ገልጻለች። ይህን ያነበብኩት ተማሪዬ ከተመረቀ በኋላ ነበር። ለደራሲዋ ስሙ በእርግጥም «ተጓዥ» ነው። ከዚህም በላይ፣ «መራመድ» የሚለው የዛሬው የእንግሊዝኛ ግሥ ከሱፍ ረጋጩ መጠሪያ ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው፤ ስለዚህ በቃል ታሪክ ረገድም ቢሆን ተማሪው ከእውነቱ ብዙ አልራቀም።

መዝገበ ቃላት ቃሉ ከየት እንደመጣ ይነግረናል እንጂ፣ ባለቤቱ ምን እንዳደረገው አይነግረንም። ስም የሚያጠና ሰው ሁለቱንም መጠየቅ ይገባዋል። እኔ የጠየቅሁት አንዱን ብቻ ነበር፤ የቀነስኩትንም ነጥብ ዛሬ ልመልስለት አልችልም።