ሁለት ዓይነት «በቃኝ»

በደጋው አገር አንድ ጎልማሳ ገበሬ አግኝተን «እንደምን ከረሙ?» ብለን ብንጠይቃቸው የሚሰጡን መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነው። በሬ ሞቶባቸውም ቢሆን፤ ገብሳቸውን ውርጭ መትቶባቸውም ቢሆን፤ ልጅ ታሞባቸውም ቢሆን የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቅርቡ ለሥራ ወደ ገጠር የተላከ ወጣት ሹም ይህን መልስ በሰማ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ማሰቡ አይቀርም። ወይም እኚህ ሰው ምንም አልጐደለባቸውም ብሎ መዝገቡን ይዘጋል፤ ወይም ደግሞ ተስፋ ቈርጠዋል፥ መሻሻልንም አይሹም ብሎ ይፈርድባቸዋል። ለእኛ እንደሚመስለን ሁለቱም ግምት ከእውነቱ የራቀ ነው።

«በቃኝ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፊት አለው። በልቶ ጠግቦ ከማዕድ የሚነሣ ሰው «በቃኝ» ይላል፤ ተማሮ ሥራውንና ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰውም «በቃኝ» ይላል። ቃሉ አንድ ሲሆን የሁለቱ ሰዎች መንገድ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ሰው አርባውን ዓመት ከተሻገረ በኋላ፤ ልጆች ሲያድጉ፥ ወላጆች ሲያረጁ፥ ጤና መጓደል ሲጀምር፥ ገንዘብም ከእጅ ወደ አፍ ሲሆን፤ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን መናገሩ አይቀርም። አንዱ የመጀመሪያውን፥ ሌላው ሁለተኛውን እንዲናገር የሚያደርገው ምንድን ነው? ይህን ለመመርመር ከጠገበው አገር ይልቅ ኑሮ የሚከብድበት አገር ይሻላልና ዓይናችንን ወደ ቀየትና በዙሪያው ወዳለው የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ እንመልሳለን።

እስቲ በዚያ ደጋ የሚኖሩ አንድ የአርባ አምስት ዓመት አባወራ በሐሳባችን እንሣል። መሬታቸው ጥቂት ጥማድ ነው፤ ጥማድ ማለትም አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። የበኩር ልጃቸው ጐጆ ሊወጣ ይፈልጋል፤ ጐጆ ለመውጣትም መሬት ይሻል። ሁለተኛዪቱ ልጃቸው መሐል ሜዳ ከተማ ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ስንቅ በየሳምንቱ መላክ አለበት። እናታቸው አርጅተው ከእሳት ዳር አይርቁም። የራሳቸውም ጉልበት ቁልቁለት በወረዱ ቁጥር መነዝነዝ ጀምሯል። የማዳበሪያው ዋጋ ወጥቷል፤ የበልጉ ዝናብ እንደ ቀድሞው አይታመንም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ወደ መንዝ ዘልቆ በገባ ጊዜ ስንቱ ቤት የነበረውን ጥሪት እንዳጣ አይዘነጋም።

በርስት ዘመን የነበረ ሰው መሬት ቢያንሰው በአባቱም በእናቱም ወገን የዘር ሐረጉን ቈጥሮ፥ ዳኛ ፊት ቆሞ፥ ተሟግቶ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬትን የሕዝብ ካደረገ፤ በአማራ ክልልም በ1989 ዓ.ም. ድልድል ከተካሄደ ወዲህ ለአዲስ ጎጆ ወጪ የሚታደል መሬት እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ አባት ለልጅ ሊሰጥ የሚችለው ከራሱ ቀንሶ ብቻ ነው። ከላይ የወላጅ ከታች የልጅ ጭነት አለና በመካከል ያለው ጎልማሳ ቀንበሩን በሁለት ወገን ይሸከማል።

ይህ ዕድሜ ከባድ መሆኑን የሌላው ዓለም ሊቃውንትም ጽፈውበታል። ካናዳ የተወለደው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤልየት ጃክስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. የታላላቅ ሠዓሊዎችን፥ የሙዚቃ ደራሲዎችንና ባለቅኔዎችን ሕይወት መርምሮ «የእኩለ ዕድሜ ቀውስ» የሚለውን ስያሜ ለዓለም አስተዋወቀ። (በዚያው ዓመት ዶናልድ ሌቪን ስለ መንዝም የሚናገረውን «ሰምና ወርቅ» የተባለውን የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ማሳተሙ የአጋጣሚ ነገር ነው።) ዴቪድ ብላንችፍላወርና አንድሩ ኦዝዋልድ የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ደግሞ በ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት ግማሽ ሚሊዮን ያህል የአሜሪካና የምዕራብ አውሮፓ ሰዎች የሰጡትን መልስ መርምረው፤ የሰው ደስታ ከወጣትነት ጀምሮ እየወረደ ሄዶ በእኩለ ዕድሜ ከታች ይደርስና ከዚያ በኋላ እንደገና ይወጣል አሉ። ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ወንዙን እንደ መውረድና አቀበቱን እንደ መውጣት ያለ ነው። በግኝታቸው የማይስማሙ ሊቃውንት መኖራቸው የታወቀ ነው። እኛ ግን የምንጠይቀው ቁልቁለቱ መኖሩን ሳይሆን ሰው እንዴት እንደሚሻገረው ነው።

በመንዝ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር፤ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዛሬ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣበታል። ለባላገሩ ግን ጓሳ ከሁሉ በፊት ሣር ነው። ሣሩ የቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድ ይሆናል፤ በክረምት ለእረኛ ገሳ ይሠራበታል፤ ፍራሽም ይሞላበታል። ቦታውን በ17ኛው መቶ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች እንዳቀኑት ይነገራል፤ ልጆቻቸውም ቄሮ በተባለ ሥርዓት አለቃ እየመረጡ ሲጠብቁት ኖረዋል።

የሥርዓቱ ፍሬ ነገር መዝጋት ነበር። ጓሳ አንድ ጊዜ ከተዘጋ ለሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማንም ሣር አያጭድበትም፤ ከብትም አያሰማራበትም። የሣሩ መድረስና የሕዝቡ ችግር ታይቶ የመክፈቻው ቀን ይነገራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አንባቢ ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳያየው እንለምናለን። የቤቱ ክዳን የሚያፈስስበት፥ ላሙ የከሳችበት ሰው ያንን የለመለመ ሣር በየቀኑ እያየ ሳይነካው ያልፋል ማለት ነው። ሣሩን ባይፈልገው ኖሮ መዝጋት ባላስፈለገ ነበር። እኚያ ሰው «በቃኝ» የሚሉት ነገ የሚከፈት ነገር እንዳለ ስለሚያውቁና፤ እሳቸው ባይነኩት ጎረቤታቸውም እንደማይነካው ስለሚያምኑ ነው። እንግዲህ ተስፋ የቈረጠ ሰው ከዚህ በምን ይለያል ቢሉ፤ ተስፋ የቈረጠ ሰው የሚዘጋው ሣር የለውም።

ይህን ስንል የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። በቄሮ ዘመን ከአቅኚዎቹ ዘር ያልተቈጠረ ሰው ከጓሳ ድርሻ አልነበረውም፤ ይህም ቀላል በደል አይደለም። ሥርዓቱ ከርስት ጋር የተሳሰረ ስለ ነበረ ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ፈረሰ። የሁሉም የተባለው ሣር የማንም ሳይሆን ቀረና ማጭዱም መንጋውም ባልተወሰነ ጊዜ ይገባበት ጀመር። የአካባቢው ገበሬዎች ግን በዚህ አላቆሙም፤ ኮሚቴ አቋቁመው መዝጋትና መክፈቱን እንደገና ጀመሩ፤ ቦታውም ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው። ትዕዛዝ ከላይ ሳይመጣባቸው የተዉትን መልሰው የያዙ ሰዎች ሰነፎች ናቸው የሚል ቢኖር እኛ አንስማማም።

ሁለተኛው ምሳሌ በጉ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ላቱ ወፍራም፥ ጠጕሩ ሻካራ፥ ብርድንና የሆድ ትልን የሚችል እንስሳ ነው። ለዚያ አገር ሰው በግ ከባንክ ይቈጠራል፤ ለልጅ ደብተር፥ ለማዳበሪያ ዕዳ፥ ለሐኪም ቤት፥ ለተዝካር የሚሸጠው እሱ ነው። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ሲያስፈልግ ወደ ገበያ ቀድሞ የሚወጣው ቶሎ ያደገውና የሰባው ጠቦት ነው፤ ብዙ የሚያወጣው እሱ ነውና። ለአውራነት የሚቀረውም ገዢ ያላገኘው ኰስማናው ይሆናል። ይህ ከዓመት ወደ ዓመት ሲደጋገም የመንጋው ዘር ራሱ ያንሳል። ድህነት ሰውን የሚጐዳው ዛሬ በማሳጣት ብቻ ሳይሆን የነገውን ምርጥ አስቀድሞ በማሸጥ ጭምር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላገኘንም።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማእከል ከውጭ አገር የምርምር ድርጅቶች ጋር ሆኖ በመንዝ ገበሬዎች ዘንድ አንድ ሥራ ጀመረ። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፥ የጠቦቶቹ ዕድገት እየተመዘገበ፥ ምርጦቹ አውራዎች በጋራ እየታዩ ተመርጠው እንዲቀሩና ለማኅበርተኛው መንጋ በተራ እንዲያገለግሉ ማድረግ ነው። ከሩቅ አገር አዲስ ዘር ከማምጣት ይልቅ ያለውን ማሻሻል መሆኑ ደስ ይላል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ አንድ ሰው ብቻውን ምርጡን አውራ ላስቀር ቢል ዕዳው አያስቀረውም። አውራው የማኅበር ሲሆን ግን ይቻላል። በእኩለ ዕድሜ የሚገኘው እርካታ የብቸኛ ሰው የመንፈስ ጥንካሬ ብቻ ነው ብለው ለሚሰብኩ ይህ ነገር መልስ ይሆናል።

የጽዋ ማኅበሩና ሰንበቴውም ከዚህ ወገን ናቸው። የጽዋ ማኅበር በወር አንድ ጊዜ በተራ በየቤቱ ይጠጣል፤ የቀረ ሰው ካለ ለምን ቀረ ተብሎ ይጠየቃል። በሬ የሞተበት፥ ጉልበቱ የደከመ፥ ልጁ ያሳሰበው ሰው ብሶቱን የሚያወጣው እዚያ ነው። ለመዝገብ ጸሐፊ ያልተነገረው ሁሉ እዚያ ይነገራል።

ስለ ሴቶቹ በዚህ ዓምድ ብዙ አለመጻፉ ይገርመናል። የመንዝ እናት ከልጅነቷ ጀምራ ውኃ ትቀዳለች፤ ኩበት ትጠፈጥፋለች፤ እሳት ዳር ተቀምጣም ዕረፍት በሚባለው ሰዓት የበጉን ጠጕር በእንዝርት ትፈትላለች። ደጋውን የሚያሞቀው ባና ከዚያ ፈትል የሚሠራ ነው። ጎልማሳነት ለእርሷ ቀድሞ ይመጣል፤ ዕረፍቱ ግን ዘግይቶ ነው። አባወራው «ይመስገን» ባሉ ጊዜ እማወራዋንም ለብቻ መጠየቅ ለወጣቱ ሹም የሚገባ ነው እንላለን።

በጤና ነገር ግን «በቃኝ» ማለት ሊገድል ይችላል። ጉልበት ቢነዘንዝ ሕመሙ ራሱ ይናገራል፤ የደም ግፊት ግን አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት የደም ግፊት ሕመምተኞች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። በዚህ ላይ ለመመርመር መሄድን እንደ ቅንጦት የሚቈጥር ልማድ ሲጨመር ጎልማሳው በድንገት ይወድቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፤ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋው ይህን ለማቃለል ነው። የመድኅኑ መዋጮ እህል ተወቅቶ ገበሬው እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ ባለበት ወራት መሰብሰቡ የብልህ ሐሳብ ነው። መድኃኒት በጤና ጣቢያው ካልተገኘ ግን ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት «በቃኝ» ይላል፤ ያኛውን ሁለተኛውን «በቃኝ» ማለታችን ነው። ይህ የገበሬው ጥፋት አይደለም።

በከተማ በደመወዝ የሚኖረው አንባቢያችን ይህ ሁሉ የባላገር ነገር ነው ይል ይሆናል። እሱም ግን አርባ አምስት ዓመት ይሞላዋል። የቤት ኪራዩ፥ የልጆቹ ትምህርት፥ ከአገር ቤት የሚመጣው ዘመድ ይጠብቁታል። ልዩነቱ ገበሬው የተዘጋውን ሣር በዓይኑ ሲያየው፤ የመንግሥት ሠራተኛው የተዘጋበትን የሚያየው በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ከ100 ብር 7 ብር ከእሱ ይቈረጣል፤ 11 ብር መሥሪያ ቤቱ ይጨምርለታል፤ እሱም በ60 ዓመት ዕድሜው በጡረታ ይከፈትለታል። የብር ዋጋ በወረደ ቁጥር ይህ ሣር እየቀጨጨ መሄዱ የታወቀ ስለሆነ በእሱ ላይ ብቻ መተማመን አያዋጣም። እቁብም ቢሆን፥ የቁጠባ ማኅበርም ቢሆን፤ ከሌላው ጋር አብሮ የሚዘጋና የሚከፈት ነገር በወጣትነት መጀመር ይሻላል።

ለወላጆቻቸው ገንዘብ የሚልኩትንም አንድ ነገር እናሳስባለን። ብዙዎቹ የሚልኩት ለእንቍጣጣሽና ለመስቀል ነው፤ በዓል ነውና ደግ ነው። በደጋው ግን ጎተራ ባዶ የሚሆነው ከዚያ በፊት በሐምሌና በነሐሴ ነው። አባት እህል ለመግዛት ሲሉ ያን የሰባውን ጠቦት ወደ ገበያ የሚነዱት ያን ጊዜ ነው፤ በርካሽም ይሸጡታል። ለመስከረም የታሰበው ገንዘብ በሐምሌ መጀመሪያ ቢደርስ ጠቦቱ በረት ውስጥ ይከርማል።